ቄራ ጎን የማራገፊያ ሥራ፦ ከእኩለ ጾም እስከ ፋሲካ የተያዘ ማስታወሻ

ሥራው ይህ ነው፦ ሌሊት በአይሱዙ የሚመጣን በሬ ሳይመቱ፣ ጅራት ሳይጠመዝዙና ሳይጮኹበት አራግፎ በረት ማስገባት፣ ውኃ አጠጥቶ እስኪነጋ ማሳረፍ፣ ጠዋት ለገዢው ማስረከብ። ክፍያው በራስ፣ ማለትም በእያንዳንዱ በሬ ነው። ያለው ነገር አራት ሰው፣ አዲስ አበባ ቄራ አካባቢ የተከራየ 14 በ18 ሜትር ግቢና አንድ የብረት በር ነው። ጾም ላይ የበሬ ገበያ ስለሚቀዘቅዝ ለግንባታ ጊዜ አለ። የፋሲካ ሳምንት ከገባ ግን ለማስተካከል ፋታ አይገኝም።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሲሚንቶ ከመግዛት በፊት ቆጠራ። ሌላ ቦታ በሁለት ሌሊት ከአራት መኪና 46 በሬ ሲራገፍ ቆመን መዘገብን። መለኪያው አሜሪካዊቷ የእንስሳት ሳይንስ ምሁር ቴምፕል ግራንዲን ለቄራዎች ያወጡት ነው፦ ከ100 ከብት የሚወድቀው ከ1፣ ሲነዳ የሚጮኸው ከ3 መብለጥ የለበትም። መውደቅ የሚባለው ገላው መሬት ሲነካ ነው፤ ጉልበቱ ብቻ ከነካ መንሸራተት ተብሎ ይያዛል።

ያየነው፦ 7 ወደቁ፣ 19 ተንሸራተቱ፣ 15 ጮኹ። በመቶ ሲሰላ የወደቁት 15፣ የጮኹት 33 ገደማ ይሆናሉ።

ከ7ቱ 5ቱ የወደቁት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ከካሶኒው (ከመኪናው የጭነት ሳጥን) ለማራገፊያ ወደተከመረው የአፈር ቁልል ሲዘሉ። ቁልሉ ከካሶኒው 40 ሳንቲ ያህል ዝቅ ይላል፣ ላዩም በፋንድያና በሽንት ረጥቧል። የከብት ዓይን በግራና በቀኝ ስለሆነ ከጀርባው በቀር ዙሪያውን ያያል። ጥልቀት ለመገመት ግን ቆም ብሎ አንገቱን ዝቅ ማድረግ አለበት። ለዚህ ጥቂት ሰከንድ ይበቃዋል። ያቺን ጥቂት ሰከንድ ከልክለው ከኋላ በዱላ ሲሉት ሳያይ ይዘላል። በሬው የወደቀው በቁልሉ ብቻ አይደለም፤ በዱላውም ጭምር ነው።

እንጀራው ያለው እዚሁ ላይ ነው። እግሩ የተሰበረ ሰንጋ በዚያው ሌሊት በተገኘው ዋጋ ይሸጣል። ዱላ ያረፈበት ሥጋ ደም ይቋጥርና ተቆርጦ ይጣላል። ከሁሉም የሚከፋው ጥቁር ሥጋ ነው። በመንገድና በማራገፊያ ተጨንቆ፣ ሲራገጥ ያደረ በሬ ጡንቻው ውስጥ የተጠራቀመውን ስኳር ጨርሶ ይታረዳል፤ ያ ስኳር ከሌለ ከዕርድ በኋላ ሥጋው ውስጥ በቂ አሲድ አይፈጠርም። ወደ 5.5 መውረድ የነበረበት ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል፣ ይጠነክራል፣ ቶሎም ይበላሻል። ቁርጥ በሚበላበት፣ ብልቱ ተሰቅሎ በዓይን በሚመረጥበት ከተማ ይህንን ለልኳንዳ ባለቤት ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ሌሊት ማሳረፍ ድካሙን ያቀልለታል፤ ያለቀው ስኳር ለመመለስ ግን ቀናት ይፈልጋል። ስለዚህ በሬው ከመኪናው ሲወርድ የተበላሸውን በረት ውስጥ መጠገን አይቻልም።

ረቡዕና ሐሙስ፣ መጋቢት 17 እና 18

የማራገፊያው ቀን። መጀመሪያ የካሶኒ ከፍታ ተለካ። ባዶውን 1 ሜትር ከ15 ሳንቲ፣ 10 በሬ ሲጫንበት 1 ሜትር ከ8። ልዩነቱ የባሌስትራው (የመኪናው ሞላ) ነው፤ መኪናው እየቀለለ ሲሄድ ካሶኒው ይነሳል። የመጀመሪያው በሬ የወጣበትና የመጨረሻው የሚወጣበት ከፍታ አንድ አይደለም ማለት ነው። ስለዚህ የማራገፊያው አናት 1 ሜትር ከ10 ሆነ፤ የቀረውን በማጠፊያ የተሰቀለ ድልድይ ይሸፍነዋል።

ቁልቁለቱ ከ20 ዲግሪ መብለጥ የለበትም። ደረጃ ከለስላሳ ቁልቁለት የተሻለ ነው፤ ሰኮናው በየመርገጫው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያርፋል፣ ቢቆሽሽም ቶሎ አያንሸራትትም። ልኩ፦ እያንዳንዱ ከፍታ 10 ሳንቲ፣ እያንዳንዱ መርገጫ 30 ሳንቲ። 11 ከፍታና 10 መርገጫ ሲሆን ደረጃው 3 ሜትር ይወስዳል። አናቱ ላይ 1 ሜትር ተኩል ደልዳላ ሜዳ። ቦታ ጠበበ ተብሎ ይህ ሜዳ እንዳይቀነስ፤ በሬው ከካሶኒ ሲወጣ የመጀመሪያ እርምጃው ደልዳላ ላይ ካረፈ ቀጥሎ ያለውን ደረጃ አይቶ ይወርዳል። ሜዳው ከሌለ ይዘላል።

ስፋቱ 2 ሜትር ከ20፣ ልክ እንደ ካሶኒው። ለመጫን ጠባብ መንገድ ይመረጣል፤ ለማራገፍ ግን ሰፊ ነው የሚበጀው። ከፊቱ ክፍት መውጫ ያየ በሬ ራሱ ይወጣል።

አሠራሩ፦ ግራና ቀኝ ባለ 20 ብሎኬት ግድግዳ፣ መሐሉ ሰሌክት (የመሙያ አፈር) በየ20 ሳንቲው ውኃ እየጠጣ የተጠቀጠቀ፣ ከላይ 10 ሳንቲ አርማታ። የአርማታው ገጽ ከነደረጃው ፊት 12 ሜትር ካሬ ትንሽ ይበልጣል። ይህም 1.2 ሜትር ኪዩብ ያህል ነው፤ በ1 ለ2 ለ3 ድብልቅ ባለ 50 ኪሎ 9 ከረጢት ሲሚንቶ ጨረሰ።

የተበላሸው፦ ግንበኛው በልማድ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደረጃዎች ሊሾ አደረጋቸው። ለቤት ያምራል፤ ለሰኮና ግን በረዶ ነው። ሳይደርቅ ስለተደረሰበት ገጹ ተፋቀና በየመርገጫው በአግድም ሁለት ቦይ ወጣለት። ቦዩ 2.5 ሳንቲ ጥልቀት አለው፤ በሁለቱ መካከል 10 ሳንቲ። ማውጫው ባለ 25 ሚሊሜትር ቱቦላሬ ቁራጭ ነው፤ ዘይት ተቀብቶ እርጥቡ አርማታ ላይ ይጫናል፣ ማጥበቅ ሲጀምር ይነሳል። የግቢው ወለል ላይ ደግሞ በ20 በ20 ሳንቲ አራት ማዕዘን መስመር። ማንም ይህን ሥራ የሚጀምር ገንዘቡን ከምንም በፊት ወለል ላይ ያድርግ። የተንሸራተተ በሬ ይደነግጣል፤ የደነገጠውን ደግሞ የትኛውም ብልሃት ቶሎ አይመልሰውም። ልቡ ለመርጋት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል።

ከዓርብ መጋቢት 19 እስከ እሁድ መጋቢት 28

አርማታው እርጥብ ጆንያ ለብሶ 7 ቀን ውኃ ጠጣ። በዚያው ጊዜ የደረጃው ግራና ቀኝ በቆርቆሮ ተዘጋ፤ ከመርገጫው ላይ ሲለካ 1 ሜትር ተኩል። ድፍን መሆን አለበት፤ በሬው በጎን የሚያልፍ ሰው፣ ውሻ ወይም ባጃጅ ካየ ይቆማል። ልል ቆርቆሮ በነፋስ ሲንኳኳ ደግሞ ከዱላ የከፋ ስለሆነ ከኋላው አጠና ተጋድሞ በየሁለት ሞገዱ ሚስማር ተመታ።

በረት ሁለት፣ እያንዳንዳቸው 5 በ6 ሜትር። ለአንድ በሬ ለመተኛት 2.5 ሜትር ካሬ ይያዝ፤ 12 በሬ ልኩ ነው። አጥሩ ባሕር ዛፍ፣ ቁመቱ 1 ሜትር ከ70። ሹል ጫፍና የወጣ ሚስማር በእጅ እየተዳሰሰ ተነቀለ። ውኃ መጠጫው ለሁለት የተሰነጠቀ በርሜል ነው፤ አንዱ ግማሽ 100 ሊትር ይይዛል፣ በየበረቱ ሁለት ሁለት። ከመንገድ የመጣ በሬ 40 ሊትር ሊጠጣ ስለሚችል ለ12ቱ 480 ሊትር ተጠብቆ መኪናው ሳይመጣ መቀዳት አለበት። ግማሽ ሌሊት ላይ ቧንቧ አይታመንም፤ 1,000 ሊትር ሮቶ ተተከለ።

ሰኞ፣ መጋቢት 29

የመጀመሪያው መኪና፣ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ። 10 የሐረር ሰንጋ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ የተጓዘ።

የሐረር ሰንጋ ደጅ ታስሮ፣ በእጅ እየጎረሰ የሰባ ነው። ሰው አይፈራም፤ የመሸሻ ክልሉ፣ ማለትም ሰው ሲጠጋው መሸሽ የሚጀምርበት ርቀት፣ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ከኋላ ሆኖ መግፋት አይሠራም፤ ዞሮ ያይሃል እንጂ አይሄድም። በገመድ ከፊት መምራት ይበቃል። ቃጫ ገመድ፣ ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር። ናይሎን መዳፍ ይልጣል። ገመድ በእጅ ላይ በጭራሽ አይጠቀለልም፤ በሬው ቢደነብር ጣት ይዞ ይሄዳል።

ስፖንዳው (የካሶኒው መዝጊያ) ተከፈተ፣ ሁሉም ሰው ወደ ጎን ዞር አለ። የመጀመሪያው ሰንጋ ድልድዩን አሽትቶ ቆመ። የድልድዩ ላሜራ ከካሶኒው ጋር ሲጋጭ ጓ ይላል፣ ችግሩ እሱ ነበር። ከስሩ የተቀደደ የከመነዳሪ ቁራጭ ተደረበለት፣ ላዩ ላይ ሰጋቱራና የካሶኒው ጭድ ተበተነበት። የሚሸተው የራሱ መኪና ሽታ ስለሆነ ረገጠው። 10ሩ በ14 ደቂቃ ወረዱ። የወደቀ የለም፣ የተንሸራተተ 1፣ የጮኸ የለም።

ውኃ ወዲያው፣ ድርቆሽ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ፋጉሎና ፉርሽካ የዚያን ሌሊት አይሰጥም፤ የተራበ ሆድ ላይ ብዙ ፉርሽካ ሆዱን ያሳምመዋል።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 1

12 የቦረና በሬ፣ ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል። ይህ ሌላ ሥራ ነው።

ቦረናው ሜዳ ላይ ከመንጋ ጋር ያደገ፣ ገመድ የማያውቅ ነው። የመሸሻ ክልሉ ሰፊ ነው። ክልሉን ለማወቅ ቀስ ብሎ መቅረብ ነው፤ ራሱን ቀና አድርጎ ሲያይህ ጠርዙ ላይ ነህ፣ እግሩን ሲያነሳ ገብተሃል። አንድ እርምጃ መግባት ያስኬደዋል፤ መራመድ እንደጀመረ አንድ እርምጃ መመለስ ግን ከመግባቱ ይበልጣል፤ ለመራመዱ የሚያገኘው ዋጋ የአንተ መመለስ ነው። ሲሄድ ሰው ከተከተለው ግን ሩጫ ይሆናል። አሜሪካዊው የከብት አያያዝ አስተማሪ ባድ ዊሊያምስ ዕድሜ ልካቸውን ያስተማሩት ፍሬ ነገር ይኸው ነው፦ ጫን፣ ሲታዘዝ ልቀቅ።

ሁለተኛው ነገር የትከሻ መስመር ነው። ከትከሻው ኋላ ሆነህ ብትጠጋው ወደ ፊት ይሄዳል፣ ከትከሻው ፊት ብትሆን ወደ ኋላ ይመለሳል ወይም ይዞራል። በረት ውስጥ ለማስኬድ በጎኑ፣ ከራሱ ወደ ጅራቱ አቅጣጫ ማለፍ ይበቃል፤ ትከሻውን ስታልፍ እሱ ወደ ፊት ይራመዳል። ልክ ከጀርባው መቆም ክልክል፤ አያይህም፣ የማያየውን ደግሞ ይራገጣል።

የመጀመሪያው ቦረና ሜዳው ላይ ደርሶ ቆመ፤ አሥራ አንዱ ከኋላው። አራት ደቂቃ ተቆጠረ። ሾፌሩ ዱላ አነሳ፣ እንዲያስቀምጥ ተለመነ። "ደም ሸቶት ነው" ተባለ፤ ቄራ አጠገብ በሬ በቆመ ቁጥር የሚሰጠው ምክንያት ይህ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ የሚታይ ነገር ነው። ማወቂያው በሬው በቆመበት ጎንበስ ብሎ፣ ዓይንን በእሱ ዓይን ከፍታ አድርጎ ወደሚያይበት ማየት ነው። ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንድ ቢጫ መስመር ወድቋል፤ የጎረቤት በር አምፖል በሁለት ቆርቆሮ መጋጠሚያ ክፍተት የላከው። ለሰው ምንም ነው፤ ለከብት ጉድጓድ ይሁን ገደል አይታወቅም። ክፍተቱ በማዳበሪያ ከረጢት ተዘጋ። በሬው አንገቱን ዝቅ አድርጎ አሸተተ፣ አንዴ በረጅሙ ተነፈሰ፣ ከዚያ የቀኝ እግሩን አስቀደመ። የተቀሩት ተከተሉት።

ሁለተኛው ስህተት የእኛ ነው። አሥራ አንደኛው እንደወጣ የበረቱን በር የያዘው ሰው ቶሎ ዘጋውና አንዱ መኪናው ላይ ብቻውን ቀረ። ብቻውን የቀረ ቦረና አደገኛ ነው፤ ስፖንዳውን መምታት፣ በጎን ለመዝለል መሞከር ጀመረ። መፍትሔው ሁለት በሬ ከበረት መልሶ ደረጃው ሥር፣ እሱ በሚያያቸው ቦታ ማቆምና ሰው ሁሉ ዘወር ማለት ነበር። በ6 ደቂቃ ወረደ። ከዚህ በኋላ የመጨረሻዎቹ ሦስት አብረው እስኪወርዱ በር አይዘጋም።

የወደቀ የለም፣ የተንሸራተተ 2፣ የጮኸ 1። ጠቅላላ 31 ደቂቃ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 4

እርማት። መብራቱ ከማራገፊያው አናት ተነስቶ ከበረቱ ጀርባ ተሰቀለ፤ ወደ ወለል የሚያይ፣ በነጭ ሸራ የለዘበ። ከብት ከጨለማ ወደ ብርሃን በደስታ ይሄዳል፤ ዓይኑ ላይ የሚያበራ አምፖልን ግን አይጋፈጥም። ሾፌሩም የኋላ መብራቱን ያጠፋል።

የግቢው የውኃ መውረጃ የብረት ፍርግርግ መተላለፊያው መሐል ነበር። ወደ ግድግዳው ጥግ ተወሰደ።

አጠገባችን ጎሚስታ አለ። ሌሊት ባይሠራም ጠዋት ርክክብ ላይ የንፋሱ ፉጨት በሬ ያስበረግጋል፤ የከብት ጆሮ ለቀጭን ድምፅ ከሰው ጆሮ ይበልጣል። በሬ ሲጫን ከጎሚስታው ጋር በፉጨት ምልክት ለመግባባት ተስማማንና፣ ፉጨቱ ራሱ ችግር ሆኖ ስለተገኘ እጅ በማንሳት ተቀየረ።

እሁድ፣ ሆሣዕና፣ ሚያዝያ 5

ዋጋ። መጀመሪያ የታሰበው በሰዓት ማስከፈል ነበር፤ ቀረ። በሰዓት የሚከፈለው ሰው ሲዘገይ ይጠቅመዋል፣ ነጋዴውም ያቻኩለዋል። በመኪና ማስከፈልም አጨናንቆ መጫንን ያበረታታል። የተያዘው በራስ 150 ብር፤ ማራገፍ፣ ውኃ፣ እስከ ንጋት ጥበቃ። ድርቆሽ የነጋዴው። የመኪናው ሾፌር ሳይሆን ባለ ከብቱ ይከፍላል፤ ጉዳቱ የሚደርስበት እሱ ነው። አንድ በሬ ማራገፊያው ላይ ከተሰበረ የዚያ መኪና ክፍያ በሙሉ ይቀራል። ይህ ቃል ነጋዴውን ከማንኛውም ንግግር በላይ አሳምኗል። መኪናው ውስጥ ወድቆ የመጣ በሬ ግን ስፖንዳው ሳይከፈት በሞባይል ፎቶ ይነሳል፣ ሾፌሩ ባለበት ይመዘገባል።

ለቅርጫ ማኅበር በሬ በእግር ማድረስም ተጠየቅን። የሐረር ሰንጋ ከሆነ እሺ፤ ከንጋቱ 12 ሰዓት በፊት፣ በሁለት ሰው፣ አንዱ ከፊት በገመድ፣ አንዱ ከኋላ በጎን፣ በቡልጋሪያ በኩል ያለውን ዋና መንገድ ሳይሆን ውስጥ ውስጡን። ቦረና ለብቻው በአስፋልት አይነዳም፤ ምንም ያህል ቢከፈል። መንጋውን የተለየ በሬ መኪናም ሰውም አይመርጥም። እሱ በመኪና ይሄዳል።

ከሐሙስ ሚያዝያ 9 እስከ ቅዳሜ ሚያዝያ 11

በሦስት ሌሊት 9 መኪና፣ 104 በሬ። 61 የሐረር፣ 43 የቦረናና የአርሲ። የወደቀ 1፣ የተንሸራተተ 6፣ የጮኸ 3።

የወደቀው የስቅለት ሌሊት ነው። ሁለት መኪና ተከታትሎ መጥቶ በመሐሉ ወለሉ ሳይጠረግ ሁለተኛው ተጀመረ፤ ፋንድያው ቦዮቹን ሞልቷቸው ነበር። በሬው አልተጎዳም፣ ክፍያው ግን አልተጠየቀም። ከዚያ ወዲያ በየመኪናው መሐል 10 ደቂቃ፦ በአካፋ ጠረጋ፣ ቦዮቹን በሽቦ ብሩሽ፣ አንድ ጆንያ ሰጋቱራ። ውኃ አይፈስበትም፤ ያሟልጫል።

ቅዳሜ ማታ ሰው ሲበዛ ሌላ ችግር መጣ። ገዢዎች በሬ ለማየት በረቱ ዙሪያ ሲከቡ በሬዎቹ መሐል ላይ ተጨናንቀው መዞር ጀመሩ። አጥሩ በሦስት ጎን እስከ ሰው ደረት በማዳበሪያ ከረጢት ተጋረደ፣ ማያ አንድ ጎን ብቻ ቀረ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አራቱ ተኝተው ማመስኳት ጀመሩ። የሚያመሰኳ በሬ ያረፈ በሬ ነው፤ ሌላ ምልክት አያስፈልግም።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ሒሳብ። ክፍያ የተሰበሰበው ለ92 በሬ ነው፤ የአንዱ መኪና 12 ቀርቷል። 13,800 ብር። ድምሩ ላይ ኪራይ፣ ሰጋቱራና ውኃ ተቀንሶ ለአራት ይካፈላል። የበዓል ሳምንት ነው እንጂ በሌላ ጊዜ በሳምንት ሁለትና ሦስት መኪና ነው የሚጠበቀው። ለዚያ ክፍተት የተያዘው ሥራ የከተማ ወተት ላሞችን ክትባትና ሕክምና ቀን መያዝ ነው። ሐኪሙ መርፌ ይዞ ሲመጣ ላሟ ከመድረሱ በፊት ከለመደችው ሰው ጋር፣ በለመደችው ቦታ መቆም አለባት። አብሯት የምትቆም ሌላ ላም ከጎኗ ካለ ግማሹ ሥራ አልቋል።

ሁለት ልኳንዳ ቤቶችን የጠየቅነው፦ ከዚህ ግቢ ያለፈ በሬ ሥጋ ላይ ቁስል ነበር ወይ? አንደኛው ቤት ከ8 በሬ በአንዱ ታፋ ላይ ደም የቋጠረ ቦታ አግኝቷል። ቁመቱ ከስፖንዳው የውስጥ ብሎን ጋር ገጠመ። የሚቀጥለው መኪና ሲመጣ ከማራገፍ በፊት ካሶኒው ውስጥ በእጅ ይዳሰሳል፤ የወጣ ብሎን ካለ ለባለ መኪናው ይነገርና በጎማ ይሸፈናል። ቁልፍ ቁጥር 17 እና 19 ግቢው ውስጥ ተቀምጠዋል።